በድሬ ዳዋ አጥቢያዎች፣ ከእንግሊዝ እንግዶች ጋር

እንግዶቹ ጋምቤላ ሰንብተው አዲስ አበባ እንደተመለሱ፣ ወደ አገራቸው ከመሳፈራቸው በፊት ድሬ ዳዋን ማየት እንፈልጋለን አሉ። አንድ ቄስ፣ ጡረታ የወጡ አንዲት መምህርትና አንድ የመዘምራን መሪ ናቸው፤ ሦስቱም ከምዕራብ እንግሊዝ፣ ከባዝ ከተማ ዙሪያ ካሉ የአንግሊካን አጥቢያዎች የመጡ። በአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን የቆየ ልማድ አለ። በአውሮፓ ያለ ሀገረ ስብከት ወይም አጥቢያ ከአፍሪካ ወይም ከእስያ አቻው ጋር ይወዳጃል፤ አንዱ ሌላውን በስም እየጠራ ይጸልይለታል፤ ደብዳቤና ሰው ይላላካሉ። ጋምቤላ የሄዱት በዚህ መንገድ ነው። በዚያ የአንግሊካን ምእመናን አሉ፤ ብዙዎቹ ከደቡብ ሱዳን ጦርነት ሸሽተው የመጡ፣ በኑዌርኛ፣ በአኙዋክኛና በሌሎችም ቋንቋዎች የሚያመልኩ ናቸው። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ራሱን የቻለው የእስክንድርያ አንግሊካን ጠቅላይ ግዛት ከግብፅ እስከ አፍሪካ ቀንድ 10 አገሮችን ሲያቅፍ ኢትዮጵያም አንዷ ናት። ስለዚህ ጋምቤላ ለእነሱ ዘመድ ጥየቃ ነበር።

ድሬ ግን የማን ዘመድ ቤት ነው? ለማስተርጎም አብሬያቸው እንድሄድ ሲጠይቁኝ ይህንኑ አነሳሁ። ቄሱ፣ «የእኛ ባልሆነ ቤት ውስጥ እንግዳ መሆን እንፈልጋለን» አሉኝ። መልሱ ስለገዛኝ እሺ አልኩ።

ባቡሩን ከፉሪ ለቡ ተሳፈርን። መተሐራ ላይ ከዓመት ዓመት እየሰፋ መሬቱን የሚውጠውን የበሰቃን ሐይቅ በመስኮት አሳየኋቸው። ከአዋሽ ወዲያ ቆላው ሲዘረጋ መምህርቷ ሹራባቸውን አወለቁ። ወሩ ጥር ነው፤ ድሬ በጥር ደግ ናት። አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሎ ስለተሠራ ወደ ውስጥ የገባነው በመኪና ነው።

ድሬን የወለዳት ባቡር ነው። ከጅቡቲ በ1890 ዓ.ም. የተጀመረው ሐዲድ ሐረር ደርሶ ወደ አዲስ አበባ እንዲቀጥል ነበር የታሰበው። የሐረር ተራራ ግን ለባቡር የሚመች አልሆነም። በታኅሣሥ 1895 ሐዲዱ ከተራራው ግርጌ፣ ደቻቱ ወንዝ ዳር ሲደርስ በባዶው ሜዳ ላይ ከተማ ተቆረቆረ፤ መጀመሪያም «አዲስ ሐረር» ተባለ። ሐዲዱ አዲስ አበባ እስኪገባ ድረስ፣ ማለትም እስከ 1909 ዓ.ም.፣ ዕቃውም መንገደኛውም የሚራገፈው እዚህ ነበር። ግሪኩ፣ አርመኑ፣ የመኑ፣ ሕንዱ፣ ፈረንሳዩ፣ ከአገር ልጆችም ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራው፣ ጉራጌው፣ ሐረሪው ሁሉም በየፊናው ሰፈረ። ደቻቱ ከተማይቱን ለሁለት ይከፍላታል። በአንድ በኩል በዛፍ ጥላ የተሸፈነው የከዚራ ቀጥ ያለ መንገድ፣ በሌላው በኩል የመጋላ ጠባብ ሰፈሮችና የቀፊራ ገበያ አሉ። ሁሉም የራሱን ጸሎት ይዞ ስለመጣ፣ ድሬ ላይ ቤተ ክርስቲያኑና መስጊዱ የተተከለው ሕዝቡ ሲሰፍር አብሮ ነው።

የመጀመሪያውን ቀን ለካቶሊኮቹ ሰጠነው። የሐረርጌ ካቶሊክ ሚሲዮን የካፑቺን መነኮሳት ሥራ ነው። ከመካከላቸው በአገራችን ስሙ የሚነሳው ፈረንሳዊው አንድሬ ጃሮሶ ነው፤ የእኛ ሰው አባ እንድርያስ ይለዋል። በ1874 ዓ.ም. ገደማ መጥቶ አብዛኛውን ዕድሜውን ሐረርጌ ላይ አሳለፈ። የራስ መኮንን ልጅ ተፈሪ፣ የኋላው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ ፈረንሳይኛ የተማረው ከእሱና ከደቀ መዝሙሩ ከአባ ሳሙኤል ወልደ ካህን ነው። አባ ሳሙኤል በ1907 ዓ.ም. ሐረማያ ሐይቅ ላይ ጀልባ ተገልብጣ ሞቱ፤ ተፈሪ ተረፉ። አባ እንድርያስን ፋሺስቶች በ1930 ዓ.ም. ከአገር አስወጡት፤ በ1933 ዓ.ም. ቱሉዝ ላይ አረፈ። ከሐምሳ ዓመት በላይ የኖረበትን አገር ዳግም አላየም።

እኔ ለእንግዶቹ ላሳያቸው ያሰብኩት ግን ሌላ ነገር ነበር። ከአዲስ አበባ ስነሳ ከአሮጌ መጻሕፍት ነጋዴ የገዛሁትን የቤትማንን የአማርኛ–ፈረንሳይኛ መዝገበ ቃላት ሻንጣዬ ውስጥ ከትቼ ነበር። ከሚሲዮኑ ግቢ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ገለጥኩት። ወፍራም ነው፤ ጀርባው ተቀዶ በጨርቅ ተለጥፏል፤ ወረቀቱ ጠርዝ ጠርዙ ላይ ሻይ የፈሰሰበት መስሏል። የመጀመሪያው ገጽ ላይ እ.ኤ.አ. 1929 ይላል፤ የታተመበት ቦታ ድሬ ዳዋ፣ ማተሚያ ቤቱ የካፑቺኖቹ ቅዱስ አልዓዛር። ደራሲው የሌላ ማኅበር፣ የላዛሪስቶች ካህን ነው። መምህርቷ መነጽራቸውን አድርገው በጣታቸው የግዕዙን ፊደል ተከተሉ። እያንዳንዱ ፊደል ከቀለጠ እርሳስ የተሠራ መሆኑን፣ አንድ ሰው ከሣጥኑ ውስጥ አንድ በአንድ እየለቀመ ወደ ግራ ተገልብጦ እንዲነበብ አድርጎ እንደሚደረድረው ነገርኳቸው። ከሁለት መቶ የሚበልጥ የፊደል ዓይነት፣ በዚያ ሙቀት፣ ከፈረንሳይኛው ፊደል ጋር እያፈራረቁ።

«እነማን ናቸው የደረደሩት?» አሉኝ።

የደራሲው ስም አለ፣ የማተሚያ ቤቱ ስም አለ። የፊደል ለቃሚዎቹን ስም ከፊትም ከኋላም ፈልጌ አላገኘሁም። ሥራው ግን የእጃቸው መሆኑ ያስታውቃል። አማርኛን የማያውቅ ሰው ይህን ያህል ገጽ በዚህ ጥራት ሊደረድር አይችልም። በድሬ ያገኘኋቸው አንድ አዛውንት ካህን ነገሩን ሲሰሙ ብዙም አልተገረሙም። «የውጭ ሰው መጥቶ ሠራ የሚባለውን ሁሉ ጠጋ ብለህ ብታየው የእኛ ልጅ እጅ አለበት» አሉኝ። ግቢው ውስጥ ቅዳሴው በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ነው፤ ያገኘናቸው አስተማሪዎችና ደናግል የዚህ አገር ልጆች ናቸው። ፈረንሳዮቹ ሄደዋል፤ ትምህርቱ ቀጥሏል። ለእኔ የሚሲዮኑ ትልቁ ነገር ይህ ነው።

ከሰዓት በኋላ የግሪኮቹን ቤተ ክርስቲያንም በደጁ አለፍን። የግሪክ ነጋዴ በድሬ ጎዳና የማይታጣበት ዘመን ነበር፤ ዛሬ ማኅበረሰቡ ተበትኗል፤ በሩም ተዘግቶ አገኘነው። ከዚያ ወደ ጦር መቃብሩ ሄድን። መጋቢት 20 ቀን 1933 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካ ጦር ድሬ ዳዋን ከጣሊያን እጅ ሲያስለቅቅና በዚያ ዘመቻ ሁሉ የሞቱ የኮመንዌልዝ ወታደሮች የተቀበሩበት ቦታ ነው። ቄሱ አጭር ጸሎት አደረሱ። የመዘምራን መሪው የሟቾቹን ዕድሜ እያነበበ ዝም አለ። እንግሊዞች ወደ ድሬ በብዛት የመጡት በጦርነት ነበር፤ ባቡሩንም ከተማውንም ይዘው ለዓመታት ቆይተዋል። ይህንን ሦስቱም ያውቁታል፤ እኔም መደበቅ አልፈለግሁም።

እሑድ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነሥተን ወደ ኦርቶዶክሱ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። የድሬ ሰው ፀሐይ ሳትበረታ ቅዳሴውን ማድረስ ይወዳል። በጨለማው ነጠላ የለበሱ ሴቶች በየቅያሱ ብቅ ብቅ ይላሉ፤ ባጃጆቹ ደጁ ድረስ ያመጧቸዋል። ጫማችንን አወለቅን። መምህርቷ ወደ ቀኝ፣ ከሴቶቹ ጋር ተለዩ፤ አንዲት ወጣት ነጠላዋን አውልቃ አለበሰቻቸውና እሷ በሻርፕ ቀረች። ቄሱና የመዘምራን መሪው ከእኔ ጋር ወደ ወንዶቹ ቆሙ። ቄሱ የማንነታቸውን ምልክት፣ የአንገታቸውን ነጭ ኮሌታ፣ ማደሪያቸው ትተውት ነበር የመጡት።

ቅዳሴው ረጅም ነው፤ እሳቸው ግን አልተቀመጡም። መቋሚያ ያቀበሏቸው አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ እንዴት እንደሚደገፉበትም ራሳቸው ቆመው አሳዩአቸው። ወንጌሉ ሲነበብ የቆመው ሁሉ አብሮ ጎንበስ ሲል እሳቸውም ጎንበስ አሉ። ቁርባን ሲደርስ መጋረጃው ተከፈተ። ሕፃናቱ ቀደሙ፤ እናቶች ያቀፏቸውን እያቀረቡ፣ ዲያቆኑ በጨርቅ አፋቸውን እየከለለ። ከዚያ ሕፃናቱን የተከተሉት ጥቂት ሽማግሌዎችና ወጣቶች ናቸው። ቄሱ ከቆሙበት አልተንቀሳቀሱም። በአገራቸው በየሳምንቱ በገዛ እጃቸው የሚያቆርቡ ሰው፣ እዚህ የሚቆርቡትን ቆመው ማየት ብቻ ነበር ድርሻቸው። በኋላ ምን እንደተሰማቸው ስጠይቃቸው ጥቂት አሰቡ። «ከቀረብን በኋላ ነው እንዳልተገናኘን የሚታወቀው። ያመኛል፤ ግን ቤቱ የእነሱ ነው» አሉ። ይህን አባባላቸውን አክብሬዋለሁ። በአብያተ ክርስቲያናት መካከል ያለው ልዩነት እንደሌለ አድርጎ የሚያወራ ጎብኚ ብዙ አጋጥሞኛል፤ የሚያምና የሚታገሥ ግን ጥቂት ነው።

ዲያቆኑ ካሰናበተ በኋላ ለመሄድ ስንነሣ ሰንበቴ ቤት ግቡ ተባልን። ጥሪውን ያመጡት አጠር ያሉ፣ ሹሩባቸው የሸበተ እናት ናቸው። የቄሱን ክንድ ያዝ አድርገው፣ «ና ግባ እንጂ አቦ! ምን ቆመህ ታያለህ? ልጆቹንም አምጣቸው!» አሉ። እኔ የአዲስ አበባ ሰው ነኝና ካህንን አንተ ሲሉ ብደነግጥም፣ ድሬ ላይ አክብሮቱ በድምፁ ነው ያለው፤ ያንን የዚያን ዕለት አየሁት።

ሰንበቴ ቤቱ ዝቅ ያለ፣ ቆርቆሮ ክዳን ያለው ነው፤ ግድግዳውን ዙሪያውን የጭቃ መደብ ይዞታል። መሐል ላይ በእንሰት ኮባ የተጋገረ ትልቅ ድፎ ዳቦ በመሶብ ክዳን ላይ ተቀምጧል። የተራው ባለቤት የሆነው ሰው አመጣው፤ የአጥቢያው መርጌታ ባረኩት፤ ከዚያ ቢላ ይዘው በመስቀል ቅርጽ ቀደዱትና ቆራርሰው ለእያንዳንዱ በእጁ አደሉ። ለቄሱ ያቀበሏቸው ቁራሽ እንፋሎቱ ገና አልወጣም ነበር፤ ከሥሩ የኮባው መስመር ታትሞበታል። ጠላው በጣሳ መጣ፤ ንፍሮው በሰፌድ ዞረ። ቄሱ ዳቦውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ከዚህኛው ማዕድ ማንም አላገዳቸውም።

መቼም እንግዳ ሲመጣ ጥያቄ አይቀርም። ከመደቡ ጥግ የተቀመጡ አንድ አዛውንት፣ የባቡር ጡረተኛ ናቸው ተብያለሁ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ወደ እኔ ዞረው፣ «ልጄ፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ ንገርልኝ። ከመቅደላ የወሰዱትን ታቦት መቼ ነው የሚመልሱልን?» አሉ። ቤቱ ጸጥ አለ። ሳልጨምር ሳልቀንስ ተረጎምኩ።

ቄሱ ጣሳውን አስቀመጡ። ስለ ኤዲንብራው ታቦት ተናገሩ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲዘርፍ ከወጡት ታቦታት አንዱ፣ የስኮትላንድ ኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን በሆነችው በኤዲንብራው ቅዱስ ዮሐንስ ቁም ሣጥን ውስጥ ለብዙ አሥርት ዓመታት ተቀምጦ ነበር። ቀድሞ ኢትዮጵያ ውስጥ የኖረ የዚያው ቤተ ክርስቲያን ካህን እ.ኤ.አ. በ2001 አይቶ ምን እንደሆነ ዐወቀው፤ አጥቢያውም ሳይከራከር እንዲመለስ ወሰነ። በ1994 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ሕዝቡ ግልብጥ ብሎ ወጥቶ እንደተቀበለው ከአዛውንቶቹ ብዙዎቹ ያስታውሱታል። «እንዲህ መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ። ያልተመለሰው ግን ይበዛል፤ አፍራለሁ» አሉ ቄሱ። በብሪቲሽ ሙዚየም 11 ታቦታት ከሰው ዓይን ተሰውረው እንደተቀመጡ፣ በዌስትሚንስተር ገዳም ያለውንም ገዳሙ እ.ኤ.አ. በ2024 ለመመለስ በመርህ ደረጃ መስማማቱን አከሉ።

አዛውንቱ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ ከራሳቸው ዳቦ ቆርሰው ለቄሱ ዘረጉላቸው። «እንግዲህ ቶሎ በላቸው» አሉኝ፤ ይህንንም ተረጎምኩ።

በሀገረ ስብከቶች መካከል የሚደረግ ወዳጅነት በዚህ ነው የሚፈተነው። ደጉን ብቻ አውርቶ የሚለያይ ጉብኝት ብዙ ነው፤ ፎቶ ይነሣል፣ ስጦታ ይለዋወጣል፣ መዝሙር ይዘመራል። የድሬው አዛውንት ግን መጀመሪያ አበሉ፤ አብልተውም ጠየቁ። እንግዳውም በልቶ መለሰ፤ አልሸሸም። አንግሊካኖቹ ከኢትዮጵያ ጋር ያላቸው ታሪክ ሁለቱንም ይዟል። በ1822 ዓ.ም. የመጣው ሳሙኤል ጎባት፣ ግብፅ ላይ አባ አብርሃም የተባለ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ተርጉሞት በለንደን የታተመውን የአማርኛ ወንጌል ለሊቃውንቱ አድሏል፤ በኋላም በኢየሩሳሌም የአንግሊካን ጳጳስ ሆኗል። ከዚያ አርባ ዓመት ሳይሞላ መቅደላ መጣ። ወንጌሉም ዘረፋውም ከአንድ አገር ነው የመጡት፤ የምንወዳጀው ሁለቱን እያወቅን ቢሆን ይሻላል።

መምህርቷም የሚያወሩት ነበራቸው። ያንን ቀን ማታ ከማደሪያችን ደጅ ስናመሽ፣ በልጅነታቸው እናታቸው ስለ ባዙ ንጉሥ ይነግሯቸው እንደነበር አጫወቱን። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1940 በስደት የኖሩት እዚያ ነው፤ ፌርፊልድ በሚባል ቤት። እ.ኤ.አ. በ1958 ያንን ቤት ለከተማው ለአረጋውያን መጠቀሚያ እንዲሆን ሰጡት። የሐረርጌው ልጅ ባዝን ጎበኘ፣ ተቸገረ፣ አመሰገነ፣ ትቶላቸው የሄደውም ቤት ነው። የባዝ አረጋውያን እዚያ ሲጦሩ ኖረዋል። ይህን ለመርጌታው ስነግራቸው፣ «እኛም እንሰጣለን በላቸዋ!» አሉ እየሳቁ።

ወንጌላውያኑን፣ መካነ ኢየሱስንና ሌሎቹን ጊዜ አጥሮን በችኮላ ነው ያየናቸው። ወጣቱ ብዙ ነው፣ ድምፁም ሞቅ ያለ ነው፤ የመዘምራን መሪው እዚያ ቢቀር ይወድ ነበር።

አንድ ነገር ግን ሳልጽፍ ማለፍ አልፈልግም። የሰንበቴዋ እናት ከደቻቱ ዳር ነው የሚኖሩት። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ወንዙ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲገድል ቤታቸውን ወሰደባቸው። ልጆቻቸውን ያወጣላቸው እስላም ጎረቤታቸው ነው። እሳቸው ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል ሲወጡ እስከ ዛሬ ቤታቸውን የሚጠብቀው ያው ጎረቤት ቤተሰብ ነው፤ እሳቸው ደግሞ በረመዳን የጎረቤቱን ልጆች ምሳ ያበላሉ፤ ትልልቆቹ ጾመኞች ናቸውና። የቁልቢ ቤተ ክርስቲያን ራስ መኮንን ለአድዋ ዘመቻ ተስለው ያሠሩት ነው ይባላል፤ ስለት ይዞ ከሚወጣው ሕዝብ ውስጥ እስላሙም አለበት። ቄሱ ይህን ሲሰሙ ማስታወሻቸውን አውጥተው መጻፍ ጀመሩ። ስለ ሃይማኖቶች መቻቻል በአገራቸው ብዙ ስብሰባ ተቀምጠዋል፤ እንዲህ በቁልፍና በምሳ ሲደረግ ግን አላዩም ነበር።

ስንሰነባበት ሰንበቴዎቹ አንድ ነገር ጠየቁ። ዲያቆናቱን የሚያስተምሩት መርጌታ አንድ ጊዜ እንኳ ሄደው የባዙን ቤት፣ የእንግሊዞቹንም ቤተ ክርስቲያን ቢያዩ ደስ ይላቸዋል። ቄሱ ወዲያው እሺ አሉ። እኔ ግን የሚጠብቃቸውን አውቃለሁ። አንድ የማውቀው ካህን ለተመሳሳይ ጥሪ የመጋበዣ ደብዳቤ፣ የባንክ ወረቀት፣ የቤተሰብ ማስረጃ አሟልቶ፣ ከዓመት ደመወዙ የሚበልጥ ከፍሎ፣ ከአንድ ኤምባሲ የተሰጠው መልስ «ላይመለሱ ይችላሉ» የሚል ነበር። ከዚያ ወዲህ የሚመጣው ብዙ ነው፤ ከዚህ ወዲያ የሚሄደው ግን በጣት ይቆጠራል።

ስለዚህ የውጭ ሀገረ ስብከት ወዳጅ ላላችሁ አብያተ ክርስቲያናት፣ አንግሊካን ሁኑ ካቶሊክ፣ ኦርቶዶክስ ሁኑ ወንጌላውያን፣ የምለው አንድ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ለጉብኝት ገንዘብ ስትመድቡ ግማሹን ከዚህ ወደዚያ ለሚሄዱት አድርጉት። የቪዛውንም ክርክር የጋበዘው አጥቢያ ራሱ በጳጳሱ ፊርማ ይከራከርላቸው። የድሬዎቹ መርጌታ ፓስፖርት አውጥተው እየጠበቁ ናቸው።